የሜክሲኮ የፓስፊክ ወደቦችና የባቡር ኩባንያዎች የኮንቴይነር ፉክክር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእስያ ወደ ሜክሲኮ የሚገባውን ኮንቴይነር ማን እንደሚያነሳውና በየት በኩል እንደሚወስደው ለሚጠይቁ የተዘጋጀ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜክሲኮ በፓስፊክ በኩል ያሏት የኮንቴይነር ወደቦች የትኞቹ ናቸው?

በስም ብዙ ናቸው፤ በሥራ ግን ሁለት ናቸው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። አንደኛው በኮሊማ ግዛት ያለው ማንሳኒዮ ነው። በ2024 በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ልክ ሲሰላ ወደ 3.9 ሚሊዮን አስተናግዷል፤ በአገሪቱ ወደቦች ሁሉ ካለፈው ኮንቴይነር ከአሥሩ አራቱ ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛው ከእሱ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚቾአካን ግዛት ያለው ላሳሮ ካርዴናስ ነው፤ በዚያው ዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ አስተናግዷል።

ከእነዚህ ሌላ በሰሜን ጫፍ ኤንሴናዳ አለ። ከአገሪቱ የባቡር መረብ ጋር ስለማይገናኝ የሚያገለግለው በአብዛኛው አካባቢውን ነው። ማሳትላንና ጓይማስ ሐዲድ ቢኖራቸውም የኮንቴይነር ሥራቸው አነስተኛ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣው ጭነት ደግሞ በሌላኛው ባሕር፣ በቬራክሩስና በአልታሚራ በኩል ይገባል።

ባቡሩ የመንግሥት ነው ወይስ የግል?

ሐዲዱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት ግን በረጅም ዘመን ውል የያዙት የግል ኩባንያዎች ናቸው። በ1995 በፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ ዘመን ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ከዚያ የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ተከፋፍሎ ለጨረታ ቀረበ። የሰሜን ምሥራቁ መስመር በ1997 ቲኤፍኤም ለተባለ ኩባንያ ተላለፈ። ሰሜን ምዕራቡን በ1998 ፌሮሜክስ ያዘ፤ ደቡብ ምሥራቁን ፌሮሱር።

ዛሬ ስሞቹ ተለውጠዋል። ቲኤፍኤምን በ2005 የአሜሪካው ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን ጠቀለለው፤ እሱም ሚያዝያ 2023 ከካናዲያን ፓሲፊክ ጋር ተዋህዶ ሲፒኬሲ ሆነ። ፌሮሜክስና ፌሮሱር ሁለቱም በሜክሲኮው ኩባንያ በግሩፖ ሜክሲኮ እጅ ናቸው፤ ከፌሮሜክስ 26 በመቶው ድርሻ የአሜሪካው ዩኒየን ፓሲፊክ ነው።

ወደቦቹ በበኩላቸው ከ2021 ጀምሮ በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ይተዳደራሉ። ክሬኑን የሚያሠሩት ግን የግል ኩባንያዎች ናቸው፦ በማንሳኒዮ ኤስኤስኤ እና የአንድ የፊሊፒንስ ኩባንያ አካል የሆነው ኮንቴኮን፣ በላሳሮ ካርዴናስ ሃቺሰን እና ኤፒኤም ተርሚናልስ።

ታዲያ የሚፎካከሩት እነማን ናቸው? ባቡሮቹ እርስ በርስ ወይስ ወደቦቹ?

ብዙዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ማንሳኒዮ የሚገባው የፌሮሜክስ ሐዲድ ብቻ ነው። ላሳሮ ካርዴናስ የሚገባው የሲፒኬሲ ሐዲድ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንቴይነርዎ አንዴ ማንሳኒዮ ላይ ከተራገፈ በኋላ «የተሻለ ዋጋ የሚሰጠኝን ባቡር ልምረጥ» ማለት አይቻልም። ምርጫው ያለው ከዚያ በፊት፣ መርከቡ ገና እስያ ሳለ ነው። የመርከብ ኩባንያው ወደቡን ሲወስን ባቡሩም አብሮ ተወሰነ።

ፉክክሩ እንግዲህ በጥንድ ነው፦ ማንሳኒዮና ፌሮሜክስ በአንድ ወገን፣ ላሳሮ ካርዴናስና ሲፒኬሲ በሌላው። ይህ የመልክዓ ምድር ውጤት አይደለም፤ በ1990ዎቹ መስመሮቹ ሲከፋፈሉ የተደረገ ምርጫ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ወዲህ በዚህ ገበያ የታየውን ሁሉ፣ ዋጋውንም መጓተቱንም ክርክሩንም፣ ከዚህ ውሳኔ ነጥሎ መረዳት አይቻልም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች ለምሳሌ ዩኒየን ፓሲፊክና ሌላው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ ቢኤንኤስኤፍ ሁለቱም እዚያው ደጃፍ ድረስ ገብተው ለአንዱ ኮንቴይነር ይሻማሉ። የሜክሲኮ አስመጪ ይህ ዕድል የለውም።

በተጨማሪ ሁለቱም ጥንዶች አንድ የጋራ ተፎካካሪ አላቸው፤ እሱም ከባድ መኪና ነው።

ማንሳኒዮ ትልቁ ወደብ የሆነው ለምንድነው?

ከጀርባው ጓዳላሃራ ስላለች ነው። ይህች ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ናት፤ የምትጠቀመው የእስያ መለዋወጫ በቅርብ የሚያገኘው ወደብ ማንሳኒዮን ነው። ከዚያ አልፎ ባሂዮ የሚባለው የመካከለኛው አገር የመኪና ፋብሪካዎች ቀጠና ይገኛል፤ ቀጥሎ ሜክሲኮ ሲቲ። ሌላው ምክንያት ልማድ ነው፦ ብዙ የመርከብ መስመሮች ስለሚመጡ ትራንዚተሩም፣ ባለመኪናውም፣ ባለመጋዘኑም እዚያ ይሰፍራል፤ እነሱ ስላሉ ደግሞ ሌላ መርከብ ይመጣል።

ችግሩ ቦታ ነው። ወደቡ ከከተማው ጋር ተጣብቋል። ባቡሩ ለረጅም ዘመን መሐል ከተማውን እየሰነጠቀ ያልፍ ነበር፤ ይህን ለማቃለል ዋሻ ተቆፍሯል። የከባድ መኪና ሰልፉ ግን ዛሬም ነዋሪውን ያማርራል፤ መኪናው በር ላይ በቆመ ቁጥር ሾፌሩ የሚያጣው የሥራ ቀን ነው። በግንቦት 2025 የጉምሩክ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ አንድ በር መዘጋቱ የአገሪቱን የእስያ ንግድ ምን ያህል እንደሚያናጋ ታይቷል።

የላሳሮ ካርዴናስ ጥንካሬስ ምን ላይ ነው?

በጥልቀቱና በስፋቱ። መግቢያው እስከ 18 ሜትር ድረስ ተቆፍሯል፤ ግዙፍ መርከቦችን ያስገባል። ወደቡ በመጀመሪያ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ለብረታ ብረት ፋብሪካ ታስቦ ስለነበር ዙሪያው ሰፊ መሬት ነው። ሃቺሰን በ2007 አዲሱን የኮንቴይነር ተርሚናል ከፈተ፤ ኤፒኤም ተርሚናልስ በ2017 በከፊል በራሱ የሚንቀሳቀስ ሁለተኛ ተርሚናል አከለ። የመኪና ማራገፊያም ነው፤ ከቻይና የሚመጡ መኪኖች እዚህ በብዛት ይወርዳሉ።

ከዚህ ወደብ የሚነሳው ሐዲድ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ደርቦ መጫን ያስችላል፤ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ አካባቢ፣ ወደ ሳን ሉዊስ ፖቶሲና ወደ ሞንቴሬይ ይዘልቃል፤ ከዚያም ሳይቋረጥ በድንበር ከተማዋ በኑዌቮ ላሬዶ አድርጎ አሜሪካ ይገባል። ይህ «አንድ ሐዲድ፣ አንድ ኩባንያ» የሚለው ነገር የሲፒኬሲ ትልቁ የገበያ ንግግር ነው፤ እውነትነትም አለው።

ድክመቱ ያለበት ግዛት ነው። ሚቾአካን የወንጀለኛ ቡድኖች የበረቱባት ምድር ናት። በኅዳር 2013 መንግሥት ባሕር ኃይልና ጦር ልኮ ወደቡን መቆጣጠር ግድ ሆኖበታል፤ «የቤተ መቅደስ ባላባቶች» የተባለው ቡድን ከወደቡ እስከ ብረት ማዕድኑ ድረስ እጁን አስረዝሞ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ተጠናክሯል። ሆኖም አንድ የመርከብ መስመር መንገዱን ሲመርጥ የቦታው ስም ከስሌቱ አይወጣም።

አስመጪው ባቡር የሚመርጠው መቼ ነው? ከባድ መኪናስ?

በግርድፉ ርቀትና ጥድፊያ ይወስናሉ። ከማንሳኒዮ ጓዳላሃራ በመንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ላለ ርቀት ባቡር ላይ መጫን፣ ማራገፍና እንደገና መኪና ላይ ማውጣት የሚያስከትለው ወጪ ጥቅሙን ይበላዋል። ወደ ሞንቴሬይ ወይም ወደ ሰሜኑ ድንበር ሲሆን ግን ባቡሩ ያሸንፋል። በአገሪቱ በየብስ ከሚጓጓዘው ጭነት በክብደት ሲለካ ባቡር የሚወስደው ሩብ ያህሉን ነው፤ ቀሪው የመኪና ነው።

ዳገቱንም መዘንጋት አይገባም። ሁለቱም መስመሮች ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ መካከለኛው አምባ መውጣት አለባቸው፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ አዲስ አበባ የገባ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ረጅምና ድርብ የተጫነ ባቡር እንዲህ ያለውን አቀበት ለመውጣት ብዙ ሎኮሞቲቭ ይፈልጋል፤ ነዳጁም ጊዜውም በዋጋው ውስጥ ይገባል።

ሌላው የሚረሳ ነገር ባዶ ኮንቴይነር ነው። ከእስያ ሞልቶ የመጣው በአብዛኛው ባዶውን ይመለሳል። የመርከብ ኩባንያው ሣጥኑን በፍጥነት ይፈልገዋል፤ ዘግይቶ የመለሰ አስመጪ የመዘግየት ቅጣት ይከፍላል። ወደ አገር ውስጥ በገባ ቁጥር ባዶውን የመመለሻው ወጪ ይጨምራል፤ ስለዚህ የባቡር ዋጋ ሲነጻጸር የደርሶ መልሱ መታየት አለበት። የመሄጃውን ብቻ አይቶ «ባቡር ረከሰ» የሚል ሰው ሂሳቡን ግማሹ ላይ አቁሞታል።

ላሳሮ ካርዴናስ ሎስ አንጀለስን ተክቶ የአሜሪካን ጭነት ማስገባት ይችላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

በትንሹ ይሠራል፤ በትልቁ አልሆነም። ሐሳቡ የጎለበተው በ2002 የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወደቦች ለአሥር ቀን ያህል በተዘጉበት ጊዜ ነው። ከ2014 ወደ 2015 በተሻገረው የወደብ ሠራተኞች ውዝግብ ወቅትም እንደገና ተነሳ። «ሎስ አንጀለስ ስትጨናነቅ በሜክሲኮ አድርገን ቴክሳስና ቺካጎ እንግባ» የሚለው በካርታ ላይ ሲያዩት ያጓጓል።

ባሕሩ ግን ሌላ ይላል። ምድር ክብ በመሆኗ ከሻንጋይ የሚመጣ መርከብ አጭሩ መንገዱ ወደ ሰሜን ቀስት ሠርቶ ነው የሚያልፈው፤ ሎስ አንጀለስን የሚያገኛት መጀመሪያ ነው። ወደ ሜክሲኮ ወደቦች ለመውረድ ሌላ ሁለት ቀን ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ጭነቱ ጉምሩክ ሳይነካው ታሽጎ ሜክሲኮን ማቋረጥ፣ ድንበር ላይ በአሜሪካ ጉምሩክ መታየት፣ ተረኛ የባቡር ሠራተኛ መቀየር አለበት። ሎስ አንጀለስ በአንጻሩ ከወደቡ ውስጥ ባቡር ይጭናል፤ ከ2002 ጀምሮም 32 ኪሎ ሜትር የሚሆን ለባቡር ብቻ የተሠራ መተላለፊያ አለው።

ንጽጽሩን የሚያጠራው የካናዳው ፕሪንስ ሩፐርት ነው። እሱም የኮንቴይነር ተርሚናሉን የከፈተው ልክ እንደ ሃቺሰን በ2007 ነው። እሱም አንድ ባቡር ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ያውም በትንሽ ከተማ። ሆኖም የሚያልፍበት ጭነት አብዛኛው ለሌላ ቦታ፣ ጉልህ ክፍሉም ለአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የሚሄድ ነው። ልዩነቱ ያለው በቦታው ነው፦ ፕሪንስ ሩፐርት ከእስያ ጋር ከሎስ አንጀለስ ይልቅ በቀናት ይቀርባል፤ ላሳሮ ካርዴናስ በቀናት ይርቃል። የባቡር ኩባንያ ጥረት ይህን ልዩነት አያጠፋውም። የላሳሮ ካርዴናስ እውነተኛ ገበያ ሜክሲኮ ራሷ ናት፤ ይህን መቀበል ወደቡን አያሳንሰውም።

በባሃ ካሊፎርኒያ ሊሠራ የነበረው ግዙፍ ወደብ ምን ሆነ?

ፑንታ ኮሎኔት ይባል ነበር። ከኤንሴናዳ በስተደቡብ፣ ምንም ባልነበረበት ዳርቻ ላይ ወደብ ተሠርቶ፣ ከዚያ እስከ አሜሪካ ድንበር አዲስ ሐዲድ ሊዘረጋ ነበር የታሰበው። ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን በ2008 ክረምት ጨረታውን ይፋ አደረጉ፤ ወጪው በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ወዲያው የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ የኮንቴይነር ንግድ ወደቀ፣ ጨረታው ተራዘመ፣ በመጨረሻም ተሰረዘ። አልተሠራም።

ሲፒኬሲና ፌሮሜክስ ድንበር አሻግረው የሚወስዱት ኮንቴይነር ሁሉ ከወደብ የመጣ ነው?

አይደለም። ይህን አለመለየት ብዙ ስሌት ያበላሻል። በባቡር ድንበር ከሚሻገረው ኮንቴይነር ትልቁ ክፍል መርከብ አይቶ አያውቅም፤ ርዝመቱ 53 ጫማ የሆነ፣ ለየብስ ብቻ የተሠራ ሣጥን ነው። የመርከቡ 20 ወይም 40 ጫማ ነው። ባለ 53 ጫማው በሜክሲኮ ፋብሪካዎችና በአሜሪካ ከተሞች መካከል ይመላለሳል፤ የሚፎካከረውም ከድንበር ተሻጋሪ ከባድ መኪና ጋር ነው።

በ2023 ሲፒኬሲ ከሞንቴሬይና ከሳን ሉዊስ ፖቶሲ እስከ ቺካጎ ፈጣን አገልግሎት ሲጀምር፣ ፌሮሜክስም ከዩኒየን ፓሲፊክና ከካናዳው ሲኤን ጋር ሆኖ እስከ ዲትሮይትና ካናዳ የሚደርስ የጋራ አገልግሎት ሲያስተዋውቅ፣ ሁለቱም ያነጣጠሩት ይህን ጭነት ነው። ስለዚህ «የባቡር ፉክክር ጦፈ» የሚል ዜና ሲያነቡ በወደቡ በር ነው ወይስ በድንበሩ ብለው ይጠይቁ። በድንበሩ ፉክክሩ የእውነት ነው። በወደቡ በር ግን ከላይ እንደተባለው እያንዳንዱ ብቻውን ነው።

ድንበሩ ሲዘጋ ጭነቱ የት ይሄዳል?

ይቆማል። በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ ድንበር ጠባቂ መሥሪያ ቤት ስደተኞችን ለመቀበል ሠራተኛ አነሰኝ ብሎ የኢግል ፓስንና የኤል ፓሶን የባቡር መሻገሪያዎች ለአምስት ቀን ያህል ዘጋ። ሁለቱም ፌሮሜክስ ለዩኒየን ፓሲፊክና ለቢኤንኤስኤፍ ጭነት የሚያስረክብባቸው በሮች ናቸው። የሲፒኬሲ በር የሆነው ላሬዶ ክፍት ነበር፤ ግን የሌላውን ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ሊውጥ አይችልም ነበር።

በዚያን ጊዜ ላሬዶ ላይ የነበረው አንድ ባለ አንድ ሐዲድ ድልድይ ነው፤ ባቡሮቹ በሰዓት ተራ እየጠበቁ አንዴ ወደ ሰሜን አንዴ ወደ ደቡብ ያልፉ ነበር። ሲፒኬሲ ጎን ለጎን ሁለተኛ ድልድይ ሠርቶ በ2025 መጀመሪያ አስመርቋል። እንደ እኔ ከሆነ በዚህ አሥር ዓመት በሜክሲኮ ባቡር ላይ ከተደረጉት ሥራዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው የለም።

መምህራን ሐዲድ ላይ ሲቀመጡ ወደብ ለምን ይቆማል?

በሚቾአካን ደመወዛቸው የዘገየባቸው መምህራን ሐዲድ ላይ ድንኳን መትከልን የትግል ስልት አድርገውታል። በጥር 2019 የጀመሩት እገዳ ሳምንታት ወሰደ፤ በ2021 በኡሩዋፓን አጠገብ ካልሶንሲን በተባለው ቦታ የተደረገው ደግሞ ወራት። ካልሶንሲን ያለው ወደ ላሳሮ ካርዴናስ በሚወርደው ሐዲድ ላይ ነው። ሌላ ሐዲድ የለም። ጥቂት ሰዎች አንድ ቦታ ሲቀመጡ ከአገሪቱ ሁለተኛ ትልቁ የፓስፊክ ወደብ የሚወጣ ባቡር ሁሉ ይቆማል።

ደመወዙን ያጣ መምህር የሚሰማው ካጣ ምን ያድርግ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ ክፍያውን ያዘገዩት ባለሥልጣናት ናቸው፣ ኪሳራው ግን የወደቡ ሠራተኛና የባለ ፋብሪካው ይሆናል። ለጭነት ባለቤቱ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መተኪያ መንገድ የሌለው ወደብ ርካሽ ቢሆንም ሥጋቱ ዋጋ አለው። ብዙ ትልልቅ አስመጪዎች ጭነታቸውን በሁለቱም ወደቦች የሚከፋፍሉት ለዚህ ነው።

የቴዋንቴፔክ ባቡር የፓናማን ቦይ ይተካል?

አይተካም፤ ሊያግዝ ግን ይችላል። በፓስፊክ ዳርቻ ባለው በሳሊና ክሩስና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባለው በኮዋትሳኮዋልኮስ መካከል ያለው መስመር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ ሐሳብም አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ በ1907 መርቀውት ነበር፤ በ1914 ቦዩ ሲከፈት ሥራው ደረቀ። በፕሬዚዳንት ሎፔስ ኦብራዶር ዘመን ታድሶ በታኅሣሥ 2023 ተሳፋሪ መጫን ጀመረ፤ የሚያስተዳድረው ባሕር ኃይሉ ነው።

ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። አንድ መርከብ 10,000 ኮንቴይነር ቢይዝ፣ አንድ ረጅም ባቡር ደግሞ 400 ቢጭን፣ 25 ባቡር ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ሣጥን በአንዱ ባሕር ወርዶ በሌላው ባሕር እንደገና ይጫናል፤ ማዶም ሌላ መርከብ መጠበቅ አለበት። ከ2023 ማብቂያ እስከ 2024 መጀመሪያ ድርቅ የፓናማን ቦይ ከ36 በላይ ከነበረው የቀን ተላላፊ መርከብ ወደ 24 ገደማ ባወረደው ጊዜ ብዙዎች ወደ ቴዋንቴፔክ ዞረው ነበር። መስመሩ ይበልጥ የሚያዋጣው ግን ለደቡቡ አካባቢ ፋብሪካና እህል እንጂ ለዓለም ተላላፊ ጭነት አይመስለኝም።

ማንሳኒዮ እየተስፋፋ ነው ይባላል። ላሳሮ ካርዴናስ ይከስራል?

የፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼይንባውም መንግሥት ከከተማው ጎን ባለው በኩዩትላን ሐይቅ ላይ አዲስ ወደብ እያስፋፋ ነው፤ ግቡ አጠቃላይ አቅሙን ወደ 10 ሚሊዮን ኮንቴይነር ማድረስ ነው። በሐይቁ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆችና ጨው አምራቾች ሥጋት አላቸው፤ ተገቢ ሥጋት ነው። የንግድ ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ክሬን ቢበዛም ከዚያ የሚያወጣው ሐዲድ ያው የፌሮሜክስ ነው። ወደብ ሲሰፋ ሐዲዱ አብሮ ካልሰፋ ሰልፉ ከባሕር ወደ የብስ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ጭነቱ ራሱም የተረጋገጠ አይደለም። በ2025 መጨረሻ የሜክሲኮ ምክር ቤት የንግድ ስምምነት ከሌላቸው አገሮች፣ ከቻይና ጭምር፣ በሚመጡ ከ1,400 በላይ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጥ ጨምሯል፤ በአንዳንዱ እስከ 50 በመቶ። በእስያ ጭነት ለሚኖሩ ሁለት ወደቦች ይህ ከእርስ በርስ ፉክክራቸው የከበደ ጉዳይ ነው።

አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ገብቶ ሁለቱንም ወደብ ማገልገል አይችልም?

በሕግ ይቻላል፤ በተግባር ግን እጅግ ጠባብ ነው። ውሎቹ ሲሰጡ ለ50 ዓመት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሐዲዱን ብቻውን የመጠቀም መብት ለባለ ውሉ ተሰጥቷል። በተወሰኑ ክፍሎች ላይ አንዱ በሌላው ሐዲድ እንዲያልፍ ቢፈቀድም ስንት ይክፈል በሚለው ፌሮሜክስና ተፎካካሪው ለዓመታት ተካሰዋል፤ ዋናውን ክርክር የቋጩት በ2010 ነው። በ2016 ለብቻው የተደራጀ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ዋጋና አገልግሎት የመመርመር ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር፤ በ2025 ሥራው ወደ አዲስ የባቡር መሥሪያ ቤት ተዛውሯል።

ይህን የሚያወሳስብ አዲስ ነገርም ተጨምሯል። በኅዳር 2023 የወጣ ድንጋጌ በጭነት ሐዲዶች ላይ ለተሳፋሪ ባቡር ቅድሚያ ይሰጣል፤ መንግሥት አዳዲስ የተሳፋሪ መስመሮችን እየገነባ ነው። ኩባንያዎቹም ሐዲዱን ያሳደግነው እኛ ነን፣ ሌላ ሰው ሊገባበት አይገባም ይላሉ፤ ገንዘብ ማፍሰሳቸው እውነት ነው። እኔ ግን አስመጪው ያለ ምርጫ መቅረቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ማንሳኒዮ ላይ ለሲፒኬሲ፣ ላሳሮ ካርዴናስ ላይ ለፌሮሜክስ በተመጣጣኝ ክፍያ በሩ ቢከፈት የባቡሩ ድርሻ ከዚያች ሩብ ከፍ የማለት ዕድል ይኖረዋል፤ ለዚህም አዲስ ሐዲድ መዘርጋት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው የክፍያ ስሌት ላይ የሚጨክን ተቆጣጣሪ ነው።